ከጅግጅጋ እስከ ላይፕዚክ፤ ለሙዚቃ ተማሪ ስንቁ ምንድን ነው?

ትምህርት ፍለጋ ከአገር ወጥቶ መሄድ በእኛ ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም። ሕክምናን፥ ምሕንድስናን፥ ሕግንና የጦር ትምህርትን ለመማር ባሕር ተሻግረው የሄዱትንና የተመለሱትን ሰዎች ታሪክ ከአባቶቻችን ስንሰማ አድገናል። ሙዚቃን ለመማር የሄደ ሰው ሲነሣ ግን የአድማጩ ፊት ወዲያው ይለወጣል። «ለዘፈን ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የሚል ይኖራል፤ «ተምሮስ ምን ሊበላ ነው?» የሚልም አይጠፋም። ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባም፥ በጎንደርም፥ በጅግጅጋም ያው አንድ ነው። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ጥያቄውን ሳንንቀው፥ ነገር ግን ሳንፈራው ልንመለከተው አስበናል።

ነገሩን ከጅግጅጋ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በጅግጅጋ፥ በቀብሪ በያሕ፥ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ፥ እንዲሁም በባቡር ሐዲዱ መንገድ በሽንሌና በኤረር የሚያድግ ልጅ ዜማ አጥቶ አያውቅም። ግመል ሲጠጣ ዜማ አለ፤ ወተት ሲናጥ ዜማ አለ፤ ሠርግ ሲሆን ደግሞ ሌሊቱ አይበቃም። ነገር ግን ከነዚህ ከተሞች የተነሣ ልጅ በአውሮጳ ካሉት ጥንታውያን የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ደጅ ለመቆም ቢያስብ መንገዱ ምን ያህል ነው? ምንስ ይዞ መሄድ አለበት? ለምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው በጀርመን አገር የሚገኘውን የላይፕዚክን ኮንሰርቫቷር ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

የስሙ ትርጉም

«ኮንሰርቫቷር» የሚለው ስም ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «መጠበቂያ» ማለት ነው። በመጀመሪያ ይጠበቅበት የነበረውም ሙዚቃ ሳይሆን ሕፃን ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት በናፖሊ ከተማ አባትና እናት የሌላቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ቤቶች ተቋቋሙ። ልጆቹ አድገው ራሳቸውን እንዲችሉ ከሚሰጣቸው ሙያ አንዱ ዜማ ነበረ። ውሎ አድሮ ሙያው ገነነና ሕፃናቱ የሚጠበቁበት ቤት ስም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ስም ሆኖ ቀረ። እንግዲህ «ሙዚቃ ተምሮ ምን ሊበላ ነው?» ለሚለው ሰው የመጀመሪያው መልስ በስሙ ውስጥ ተቀምጧል። ይህ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው የተፈለገው ጧሪና ቀባሪ የሌለው ልጅ እንጀራ እንዲያገኝበት ነው።

ሁለት የነጋዴ ከተሞች

ላይፕዚክ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ ከተማ ናት። የአውሮጳ ምሥራቅና ምዕራብ መንገዶች ይገናኙባት ስለነበር በትልልቅ ገበያዎችዋ ስሟ የታወቀ ሆነ። ጅግጅጋን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ አዲስ አይሆንበትም። ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚሄደው ሲራራ ነጋዴ በጥንት ዘመን ያልፍ የነበረው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው፤ ዛሬም በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚገባው ሸቀጥ በጅግጅጋ ገበያ ይደረደራል። ከሸቀጡም ሁሉ ዓይን የሚስበው ጨርቁ ነው።

የላይፕዚክም የሙዚቃ ታሪክ ከጨርቅ ጋር የተያያዘ ነው ብንል አንባቢያችን ይገረም ይሆናል። በ1743 ዓ.ም. ከከተማዋ መኳንንትና ነጋዴዎች መካከል 16 ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው 16 ሙዚቀኞችን በማሰማራት አንድ የሙዚቃ ማኅበር አቆሙ። በ1781 ዓ.ም. ማኅበሩ በጨርቅ ነጋዴዎች ሕንፃ ላይ አዲስ አዳራሽ ተሠራለት። ሕንፃው በአገሩ ቋንቋ «ጌቫንድሃውስ» ይባል ነበር፤ «የጨርቅ ቤት» ማለት ነው። ኦርኬስትራው ከዚያ ወዲህ አዳራሹን ቢለውጥም ስሙን አልለወጠም። በዓለም ላይ ካሉት ኦርኬስትራዎች ሁሉ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በጨርቅ ቤት ስም ነው። ነጋዴ ለኪነ ጥበብ ግድ የለውም የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎም ታላቁ የሙዚቃ ሊቅ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ከ1723 ዓ.ም. እስከ ሞተበት እስከ 1750 ዓ.ም. ድረስ በዚህች ከተማ በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን አለቃ ነበር። የዕለት ሥራው ሕፃናትን ዜማ ማስጠናትና ለየሰንበቱ የሚሆን ዝማሬ ማዘጋጀት ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያደንቃቸው ብዙዎቹ ድርሰቶቹ የተወለዱት ከዚህ የመምህርነት ሥራ ነው።

ኮንሰርቫቷሩ የተቋቋመው በ1843 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ነው። አቋቋሚው የጌቫንድሃውስ ኦርኬስትራ መሪ የነበረው ፌሊክስ ሜንዴልስዞን ሲሆን፥ ዕድሜው ገና 34 ዓመት ነበር። ገንዘቡ የተገኘው ግን ከአንድ የሕግ ሰው ኑዛዜ ነው። ሐይንሪኽ ብሊውምነር የሚባል የላይፕዚክ የሕግ ዐዋቂ ሲሞት ለሥነ ጥበብ ወይም ለዕውቀት ማስፋፊያ እንዲውል ብሎ 20,000 ታለር ለሳክሶኒ ንጉሥ ትቶ ነበር። ሜንዴልስዞን ይህን በሰማ ጊዜ ገንዘቡ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዲሆን ለንጉሡ አመለከተ፤ ልመናውም ተፈቀደለት። ከመጀመሪያዎቹ መምህራን መካከል ደራሲው ሮበርት ሹማንና የቫዮሊን ሊቁ ፈርዲናንድ ዳቪድ ይገኙ ነበር። ትምህርት ቤቱ አሁን ያለበት ትልቅ ሕንፃ የተከፈተው በ1887 ዓ.ም. ነው፤ ስሙም በአቋቋሚው በሜንዴልስዞን ይጠራል።

በዚያ ቤት ምን ይማራሉ?

ብዙ ሰው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲባል ዘፈንና ጭፈራ የሞላበት ቤት ይመስለዋል። የቤቱ ጠባይ ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። ወደዚያ ሕንፃ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ረጅም መተላለፊያና የብዙ ክፍል በር ነው። በየበሩ ጀርባ አንድ ተማሪ ብቻውን ተቀምጦ አንዲቱን መሥመር ዐሥር ጊዜ፥ ኻያ ጊዜ፥ ሠላሳ ጊዜ ይደጋግማል። የትምህርቱ ዐምድ አንድ ተማሪ ለአንድ መምህር ነው። ተማሪው በየሳምንቱ በመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩም የጣቱን፥ የክንዱን፥ የትንፋሹን አያያዝ ያርመዋል፤ ተማሪውም የታረመውን ይዞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ከዚህ ሌላ የጆሮ ትምህርት አለ። መምህሩ በፒያኖ አንድ ዜማ ይመታል፤ ተማሪዎቹም መሣሪያውን ሳያዩ የሰሙትን በኖታ ይጽፋሉ። ድምፅ ከድምፅ ጋር እንዴት እንደሚስማማ የሚያስረዳው የሐርመኒ ትምህርት፥ ሁለትና ሦስት ዜማዎች በአንድ ጊዜ ሳይጋጩ እንዴት እንደሚሄዱ የሚያስተምረው የኮንትራፑንት ትምህርት፥ የሙዚቃ ታሪክ፥ በጥቂት ሰዎች ተቀናጅቶ መጫወት፥ በኦርኬስትራ መጫወት፥ እነዚህ ሁሉ በየተራቸው ይመጣሉ። ዋና መሣሪያው ሌላ የሆነም ቢሆን ፒያኖ መማሩ አይቀርለትም። የመጀመሪያው ዲግሪ እንደ ደንቡ አራት ዓመት ይፈጃል።

የመግቢያው ፈተና ደግሞ ከሌላው ትምህርት ቤት የተለየ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት የሚያስፈልግ ቢሆንም በሩን የሚከፍተው እሱ አይደለም። አመልካቹ በመምህራን ጉባኤ ፊት ቆሞ ከልዩ ልዩ ዘመን የተመረጡ ድርሰቶችን ይጫወታል፤ ጆሮውም በፈተና ይመረመራል። የዐሥርና የዐሥራ ሁለት ዓመት ድካም በጥቂት ደቂቃ ይታያል። ስለዚህ ቫዮሊንን ወይም ፒያኖን በኻያ ዓመት ዕድሜ ለመጀመር የሚያስብ ሰው በስድስት ዓመታቸው ከጀመሩት ጋር እንደሚወዳደር ማወቅ ይገባዋል። በዚህም ላይ የጀርመንኛ ቋንቋ ይጠየቃል፤ ከአውሮጳ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪም የትምህርት ክፍያ ይፈለጋል። ይህን የምንጽፈው ወጣቱን ለማስፈራራት አይደለም፤ መንገዱን ሳያውቅ የተነሣ ሰው በመካከል ውሃ እንዳይጠማው ብለን ነው።

ሄደው የተመለሱት ምን ይዘው ሄዱ?

ከዚህ ቤት የወጡትን ስመ ጥር ሰዎች ታሪክ ስንመረምር አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። ብዙዎቹ የከበሩት በዚያ በተማሩት ብቻ ሳይሆን ከቤታቸው ይዘው በሄዱት ነው።

ኤድቫርድ ግሪግ ኮንሰርቫቷሩ በተከፈተበት በ1843 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር በርገን በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። በ1858 ዓ.ም. በ15 ዓመቱ ወደ ላይፕዚክ ተላከ። ትምህርቱ ደረቅና አሰልቺ ሆኖበት እንደ ነበር ኋላ በምሬት ተናግሯል። ሆኖም ትምህርቱን ፈጽሞ አገሩ ከገባ በኋላ የኖርዌይን ገበሬዎች ዜማና የጭፈራ ስልት ሥራዬ ብሎ ያዘ፤ ዓለምም እስከ ዛሬ የሚያውቀው በዚያ ነው። ዩክሬናዊው ሚኮላ ሊሴንኮ ከ1867 እስከ 1869 ዓ.ም. በዚያው ተምሮ ተመለሰና የሕዝቡን ዘፈኖች እየሰበሰበ በኖታ መጻፍን የዕድሜ ልክ ሥራው አደረገው። የሞራቪያው ተወላጅ ሌዎሽ ያናቼክም በ1879 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ላይፕዚክ መጥቶ የቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን የሠለጠነ ጆሮውን ይዞ በገበያና በመንገድ እየተዘዋወረ ሰዎች ሲነጋገሩ ድምፃቸው የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ዜማ በደብተሩ ይጽፍ ነበር፤ ኦፔራዎቹንም በዚህ ላይ ሠራቸው።

የወላጅ ተቃውሞም የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስለን አንድ ምሳሌ እንጨምር። እንግሊዛዊቱ ኤተል ስማይዝ ሙዚቃ ልማር ባለች ጊዜ የጦር ጄኔራል የነበሩት አባቷ እንዲህ ያለውን ነገር በቤታቸው መስማት አልፈለጉም። እሷም ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ1877 ዓ.ም. በ19 ዓመቷ ላይፕዚክ ገባች፤ ኋላም በአገሯ ታላቅ የክብር ማዕርግ የተሰጣት ደራሲ ሆነች።

ከእኛ አገር የሄዱት

ወደ ራሳችን ሰዎች ስንመለስም ያው ነገር ይገጥመናል። ዶክተር አሸናፊ ከበደ ወደ አሜሪካ ሄደው በሮቸስተር ከተማ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ዓ.ም. ተመረቁ። ተመልሰውም በአዲስ አበባ የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። ከድርሰቶቻቸው ሁሉ የታወቀው በሀንጋሪ ኦርኬስትራ የተጫወተው ነው፤ ርእሱም ዋሽንት የሚነፋ እረኛ ነው።

ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ በልጅነታቸው ክራር ይመቱ ነበር። ፒያኖን ያገኙት በ16 ዓመታቸው ያሬድ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። ከዚያም በቡልጋሪያ ዋና ከተማ በሶፍያ ወደሚገኘው የመንግሥት ኮንሰርቫቷር ተላኩ። በ1991 ዓ.ም. አካባቢ በሁለቱም አገሮች መንግሥት ሲለወጥ የትምህርት ገንዘባቸው ተቋረጠና ወደ ኢጣልያ ለመሄድ ተገደዱ፤ በኋላ ግን ወደ ሶፍያ ተመልሰው ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ለተጨማሪ ልምምድም በለንደን የንጉሣዊውን የሙዚቃ አካዳሚና ይህንኑ የላይፕዚክን ትምህርት ቤት አይተዋል። የሾፐንንና የቤትሆቨንን ድርሰት በየአገሩ የሚጫወቱት እኚህ ሰው ከራሳቸው ድርሰቶች አንዱን የሰየሙት በምን ይመስላችኋል? ባለ ዋሽንቱ እረኛ ብለው ነው። አንዱ በሮቸስተር፥ አንዱ በሶፍያ የተማሩ ሁለት ሰዎች፥ ሁለቱም በመጨረሻ የደረሱት ከአንድ እረኛ ዘንድ ነው።

ሙላቱ አስታጥቄም ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። በዚያ ሳሉ ዝንባሌያቸው ወደ ሙዚቃ መሆኑ ታወቀና በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፥ ቀጥሎም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተማሩ። ያመጡልን «ኢትዮ ጃዝ» የተሠራው በአምባሰልና በትዝታ፥ በባቲና በአንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ ነው።

በሩ ያልተከፈተላቸውንም ማስታወስ ተገቢ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 ዓ.ም. ተወልደው በ6 ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩትም በዚያ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። በለንደን የንጉሣዊው የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል ባገኙ ጊዜ ግን ለመሄድ ፈቃድ ተከለከሉ። ሐዘናቸውም ጽኑ ነበር፤ ኋላ በግሸን ማርያም መነኰሱና ለዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግር ኖሩ። በ2023 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ሲያርፉ ግን የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን ብዙ የዓለም ሕዝብ ያደምጣቸው ነበር። አንዲት የፈቃድ ወረቀት መከልከል በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ በቢሮ የተቀመጥን ወጣቶች ሁሉ ልናስብበት ይገባል። ወረቀቱ በእኛ ጠረጴዛ ላይ የሚያልፍበት ቀን ይመጣልና።

አገር ቤት ያለው ኮንሰርቫቷር

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ የፈረንጅ ሥርዓት ነው፤ ለእኛ እንግዳ ነው ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። የድጓ ተማሪ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፥ የዝማሬ መዋሥዕት ተማሪ ወደ ዙር አምባ የሚሄደው አገሩንና ወላጆቹን ትቶ፥ ቁራሽ እየለመነ፥ ብዙ ዓመት በአንድ መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ለመማር ነው። ዜማው ምልክት አለው፤ ተማሪው ተሳስቶ ከሆነ መምህሩ መልሶ ያስብለዋል። አንድ ተማሪ በአንድ መምህር ፊት ማለት ይህ ነው።

በጅግጅጋም ቢሆን የእስላም ልጅ ገና በሕፃንነቱ የእንጨት ሎሁን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀመጣል። የቁርአን ንባብ ሙዚቃ አይደለም፤ ማንም እንዲህ ብሎ አይጠራውም። ነገር ግን ልጁ አንዲት ድምፅ ሳትረዝምና ሳታጥር በቦታዋ እንድትወጣ ጆሮውንና አንደበቱን የሚገራበት፥ ረጅሙን ነገር በቃሉ የሚይዝበት ትምህርት ነው። መምህርን ማክበርና መደጋገምን አለመሰልቸት ከዚያ ያወቀ ልጅ በየትኛውም አገር ትምህርት ቤት እንግዳ አይሆንም።

ሌላም አለ። የሶማሊኛ ቋንቋ ራሱ ጆሮን ያሠለጥናል። «ኢነን» የሚለው ቃል ድምፁ በመጀመሪያው ላይ ከፍ ሲል ወንድ ልጅ፥ በመጨረሻው ላይ ከፍ ሲል ሴት ልጅ ማለት ይሆናል። የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም እንዳለው የጅግጅጋ ሕፃን የሚያውቀው አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ ነው። ያናቼክ በሸመገለ ጊዜ በደብተር ይዞት የዞረው ነገር ይኸው አልነበረምን?

የጅግጅጋ ስንቅ

እንግዲህ ከነዚህ ከተሞች የሚነሣ ልጅ ምን ስንቅ አለው? ከአውበሬ ማዶ ድንበሩን ተሻግሮ በሚገኘው በቦረማ አካባቢ ዐብዲ ደቅሲ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሰዎች ዐብዲ ሲኒሞ ይሉታል። በ1940ዎቹ ዓመታት መኪናው በመንገድ ተበላሽቶበት ሳለ ከምሬቱ የተነሣ አጭር ግጥም በዜማ አወጣ ይባላል። ከዚያም «በልዎ» የተባለው አጫጭር የፍቅር ዜማ ተስፋፋ፤ የስሙም ትርጉም መከራ ማለት ነው። ሽማግሌዎችና የሃይማኖት ሰዎች አጥብቀው ተቃወሙት። ወጣቱ ግን በመኪና መንገዱ ሁሉ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞት ዞረ። ቀስ በቀስም ግጥሙ ረዘመ፤ ሶማሌዎች «ካባን» የሚሉት ዑድ ገባበት፤ «ሄሎ» የተባለው ዘመናዊ የሶማሊኛ ዘፈንም ከዚያ ተወለደ። አንድ ሾፌር ያለ ኖታና ያለ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ነገር ጀመረ።

የሶማሌው ዜማ እንደ ትዝታና እንደ ባቲ ሁሉ በአምስት ድምፅ የተሠራ ነው። ደጋውና ቆላው በሌላ በሌላው ቢለያይ በዚህ ግን ዘመዳሞች ናቸው። ሆኖም የሶማሊኛ ቋንቋ የራሱን ይፋዊ ፊደል በ1972 ዓ.ም. ሲያገኝ፥ ዜማው ግን አብዛኛው ዛሬም ያለው በሽማግሌዎችና በባልቴቶች አንደበት ነው። አንዲት እናት ስትሞት ከእርስዋ ጋር ምን ያህል የእሹሩሩና የወተት መናጫ ዜማ እንደሚቀበር የቆጠረ የለም። ኮንሰርቫቷር ሄዶ የሚመለስ ልጅ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ጆሮው የሰማውን እጁ መጻፍ ይችላል፤ የጻፈውንም ያላየው ሰው፥ ያልተወለደውም ልጅ ሊያነበው ይችላል።

ጅግጅጋም ከውጭ የተማረ ሰው ምን እንደሚያደርግ ከድሮ ጀምሮ አይታለች። በሩሲያ አገር የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጅግጅጋ ገዥ በነበሩ ጊዜ የከተማዋን መንገዶች ቀጥ ባለ ፕላን አስነድፈዋል። በአገራችን የመጀመሪያውን ዘመናዊ ቴያትር የጻፉትም እሳቸው ናቸው። መድፍ ተኩስ ሊማር የሄደ ሰው ቴያትርና የከተማ ፕላን ይዞ ከተመለሰ፥ ዜማ ሊማር የሄደ ልጅ ምን ይዞ እንደሚመለስ አስቀድሞ መናገር የሚችል ማነው?

ምን ይደረግ?

አሁን ልጁ አባቱን «አቦ፥ ሙዚቃ ልማር» ቢላቸውና አባትየው «ልጄ፥ መጀመሪያ እንጀራ የሚሆንህን ተማር» ቢሉት፥ አባትየውን ኋላ ቀር ብለን አንሰድባቸውም። ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው። ሃይማኖት ስለ ሙዚቃ የሚለውንም ለሊቃውንቱ እንተዋለን። ነገር ግን የሙዚቃ ትምህርት ማለት መምህርነት፥ የዜማ መዝገብ ጠባቂነት፥ የሬዲዮና የቴያትር ሥራ፥ ተመራማሪነትም መሆኑን አባትየው ቢያውቁ ፍርዳቸው ሊለወጥ ይችላል።

ልጁን ደግሞ እንዲህ እንለዋለን። ከላይፕዚክ በፊት አዲስ አበባ አለች። የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሲሆን፥ ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር ክራርን፥ ማሲንቆን፥ ዋሽንትንና በገናን ያስተምራል። ፈተናውን እስክትደርስ ድረስ ያለህን መሣሪያ ያዝ፤ ዑድ ከሆነ ዑድ፥ ከበሮ ከሆነ ከበሮ። ኖታ ማንበብን ዛሬ ጀምር፤ እሱ ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ቋንቋም ጨምር። አያትህ የምታዜመውን ደግሞ ሳይረፍድ ከአፍዋ ተማር።

በየቢሮው ያለን ወጣት ሠራተኞችም የድርሻችን አለን። በአንድ ወረዳ አንድ ክፍል ለወጣቶች መለማመጃ መስጠት ብዙ በጀት አይጠይቅም። በኪሳችን ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል፤ የዘፋኙን ስም፥ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ማስቀመጥ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለውን ቅጂ ቢሰበስብ፥ ነገ ከኮንሰርቫቷር ለሚመለሰው ልጅ ሥራው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የጅግጅጋ ነጋዴዎችም የላይፕዚክን 16 ሰዎች ያስታውሱ። እነዚያ ሰዎች ያዋጡት ገንዘብ ዛሬ የት እንደ ደረሰ ዓለም ሁሉ የሚሰማው ነገር ነው።

ስንቅ የሚቋጠረው ከመንገዱ በፊት ነው። ባዶ እጁን ወደ ላይፕዚክ የሄደ ልጅ የሌላውን ዜማ አሳምሮ የሚጫወት ሰው ሆኖ ይመለሳል፤ ይህም ቢሆን አይናቅም። የእናቱን ዜማ ቋጥሮ የሄደ ልጅ ግን የሌላውንም የራሱንም ይዞ ይመለሳል። እኛ የምንመኘው ሁለተኛውን ነው።